ምስክር ያጣ ልጅነት፦ የገጣሚ ለምን ሲሳይ ሕይወትና ግጥም

ገጣሚ ለምን ሲሳይ ግንቦት 13 ቀን 1959 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዊጋን ከተማ አጠገብ ባለችው ቢሊንጅ ተወለደ። እናቱ ከዚያ ቀደም ብለው ለትምህርት ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ የሄዱ ወጣት ነበሩ። አባቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪ ነበሩ። ሁለቱ በጋብቻ አልተሳሰሩም። እናቱ ማርገዛቸው ሲታወቅ ዊጋን ወዳለ፣ ሳያገቡ ያረገዙ ሴቶች ወደሚቆዩበት ቤት ተላኩ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያሉ ቤቶች በዚያ ዘመን በብሪታንያ ብዙ ነበሩ። አብዛኞቹን የሚያስተዳድሩት አብያተ ክርስቲያናትና የበጎ አድራጎት ማኅበራት ሲሆኑ አሠራራቸውም ተቀራራቢ ነበር። ሴቲቱ መውለጃዋ ሲቃረብ ትገባለች፤ ትወልዳለች፤ ልጇን ለጉዲፈቻ የሚሰጥ ወረቀት ላይ ትፈርማለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደመጣችበት ትመለሳለች። በእንግሊዝና በዌልስ የጉዲፈቻ ቁጥር ጣሪያ የነካው በ1968 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ልጆች በጉዲፈቻ ተሰጥተዋል። የብሪታንያ ፓርላማ የሰብአዊ መብት ኮሚቴ በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ1949 እስከ 1976 ድረስ ካላገቡ እናቶች ተወስደው ለጉዲፈቻ የዋሉት ሕፃናት 185 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ገምቷል። ኢትዮጵያዊቷ ተማሪ ከነዚህ እናቶች ከብዙዎቹ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው። አልፈረሙም። ልጃቸው ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ በአደራ እንዲያዝላቸው ብቻ ነበር የፈለጉት።

ጉዳዩን የያዘው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ግን ሕፃኑን በአካባቢው ላሉ አጥባቂ ባፕቲስት ባልና ሚስት አስረከበና እንደ ጉዲፈቻ ቁጠሩት፣ ለዘለቄታው የእናንተ ነው አላቸው። የራሱን ስምም አወጣለት፦ ኖርማን። እናትየው አባታቸው ታመውባቸው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ልጁ ከላንክሻየር የከሰል ማውጫ ከተሞች አንዷ በሆነችው አሽተን ኢን ሜከርፊልድ፣ በዙሪያው እሱን የሚመስል ሰው በሌለበት፣ አሳዳጊዎቹን እማዬ አባዬ እያለ አደገ። ባልና ሚስቱ ኋላ የራሳቸውን ሦስት ልጆች ወለዱ። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ለመንግሥት መለሱት። በትዝታ መጽሐፉ እንደሚተርከው ጥፋቱ ሳይጠይቅ ብስኩት ማንሳት፣ አምሽቶ መግባት፣ ባጠቃላይ ከልጅነት ወደ ጉርምስና የሚሻገር ልጅ የሚያደርገው ዓይነት ነበር። ቤቱ ግን በሃይማኖት ዓይን አየውና ክፉ መንፈስ የተጠናወተው አደረገው። ከዚያ ቀን ወዲያ ከዚያ ቤት የመጣ ጠያቂም ሆነ ደብዳቤ አልነበረም።

ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ እስከ አሥራ ሰባት ተኩል ገደማ በአራት የሕፃናት ማሳደጊያዎች ተዘዋወረ። የመጨረሻው ከማሳደጊያነት ይልቅ ለእስር ቤት የሚቀርብ ነበር። ከሥርዓቱ ሲወጣ ሁለት ወረቀቶች እጁ ገቡ። አንዱ የልደት ምስክር ወረቀቱ ሲሆን ስሙ ኖርማን ሳይሆን ለምን ሲሳይ እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው እናቱ በ1968 ለዚያው ሠራተኛ የጻፉት ደብዳቤ ነበር። ልጄን እንዴት መልሼ ማግኘት እችላለሁ፣ በሰው አገር በቀለሙ እየተናቀ እንዲያድግ አልፈልግም፣ በአገሩ ከወገኖቹ ጋር ይሁንልኝ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ደብዳቤው ሲጻፍ ልጁ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። በፋይል ውስጥ ተቀምጦ ልጁ አደገ።

የሌለ ምስክር

ቤተሰብ ለልጅ ከሚሰጠው ነገር ሁሉ ብዙም የማይታሰበው ምስክርነት ነው። ልጁ መቼ ጥርስ እንዳበቀለ፣ መጀመሪያ የተናገረው ቃል ምን እንደነበር፣ የቱን ዘመዱን እንደሚመስል፣ ከየትኛው ዛፍ ወድቆ ግንባሩ ላይ ያለውን ጠባሳ እንዳገኘ የሚያውቀው እሱ አይደለም። ቤተሰቡ ነው። ሲደጋገም ይሰማዋል፣ ኋላም የራሱ ትዝታ ይመስለዋል። በየጥቂት ወሩ ተረኛ ሠራተኛ በሚቀያየርበት ማሳደጊያ ውስጥ ያደገ ልጅ ይህ የለውም። ባለፈው ዓመት የሆነበትን ዘንድሮ የሚነግረው ሰው አያገኝም። ያለው ሠራተኞቹ ስለ እሱ የጻፉት ሪፖርት ብቻ ነው፤ ሪፖርቱም የተጻፈው ለእሱ አይደለም።

በአማርኛ ቃል ግጥም ይህ ምስክርነት ከልደት እስከ ሞት ይዘልቃል። እናት እሹሩሩ ስትል ሕፃኑን ከአባቱና ከአያቱ ጋር እያነሳች ታሞግሰዋለች። ጎበዝ ሲፎክር የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ የልጅ ልጅ እያለ አባቶቹን ይጠራል፣ የፈረስ ስማቸውን ያነሳል። ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ የሟቹን ትውልድ፣ የተወለደበትን አገር፣ የሠራውን ሥራ በስንኝ ትዘረዝራለች። ዘመዶቹን አስቀድማ የምትጠይቅ አስለቃሽም አለች፤ ዘር ሳይቆጠር ሙሾ ሙሉ አይሆንማ። ዘር ቆጠራውም ለወግ ብቻ የሚደረግ አይደለም። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ እንዳይጋቡ የሚከለክለው ልማድ በሥራ ላይ የሚውለው እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ የሰባት ትውልድ ስም የሚያውቅለት ሽማግሌ ካለው ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚኖሩት የፖሊኔዥያ ሕዝቦችም ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ፋካፓፓ የሚሉት የዘር ሐረግ ንባብ በለቅሶም በአቀባበልም ላይ ይሰማል፤ አንድ ተናጋሪ ወደ ጉዳዩ ከመግባቱ በፊት ከማን እንደተወለደና ተራራውና ወንዙ የትኛው እንደሆነ ያስታውቃል።

ለምን ሲሳይ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነበር። በአማርኛ እሹሩሩ ያለው ሰው የለም። አባቱ በአውሮፕላን አደጋ ሲሞቱ ለቅሶው ላይ አልተቀመጠም፤ መርዶውን የሰማው አባቱን ፍለጋ ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ ግጥሙን የናፍቆት ግጥም ብሎ መመደብ ይከብዳል። ለመናፈቅ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እሱ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ካለ ቦታ ነው፤ የሆነበት ነገር በእርግጥ መሆኑን የሚመሰክርለት ሲያጣ በየጊዜው የጻፈው ግጥም ምስክር ሆነለት። ባንድ ዓመት የጻፈው ግጥም በዚያ ዓመት ምን እንደተሰማው የሚያሳይ ሰነድ ነበር። ሌላው ሰው የቤተሰብ አልበም በሚይዝበት ሣጥን ውስጥ እሱ ወረቀት ያዘ።

ከማዕድን ሠራተኞች ደጃፍ

የመጀመሪያዋን አነስተኛ የግጥም መድበል ያሳተመው ገና በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ለሥራ አጥነት በሚሰጠው ድጎማ ነው። ጊዜው በብሪታንያ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ለአንድ ዓመት ያህል የሥራ ማቆም አድማ የመቱበት 1984 እና 1985 ነበር። መድበሉን የሸጠውም ለእነዚሁ አድመኞች ነው። ደመወዝ ለተቋረጠበት ቤተሰብ ግጥም መሸጥ ምን ዓይነት ድፍረት እንደሚጠይቅ መገመት ይቻላል። ገዢ ማግኘቱ የላንክሻየር ሠራተኛ መደብ የራሱ የቃል ጥበብ ወዳድ መሆኑንም ይነግራል።

ከዚያ ወደ ማንቸስተር ሄደ። ኮመንወርድ በተባለው የደራሲያን ማኅበር ውስጥ ጥቁር ጸሐፊዎችን በማበረታታት ሥራ ላይ ተሰማራ። በ1988 የወጣው መጽሐፉ የታተመው ቦግል ሉቨርቸር በተባለው፣ የካሪቢያን ተወላጆች ለንደን ውስጥ ባቋቋሙት ማተሚያ ቤት ነው። በ1992፣ በ1999 እና በ2008 ሌሎች መድበሎች ተከተሉ፤ በ2016 ደግሞ ተመርጠው የተሰባሰቡት ወጡ። ቀደምቶቹ ግጥሞች የመድረክ ግጥሞች ናቸው። ድምፅ ይፈልጋሉ፣ የተመልካች ፊት ይፈልጋሉ፤ ዘረኝነትን፣ ፖሊስን፣ የተገፋ ሰውን ቁጣ በፈጣን ምት ይናገራሉ። ገጽ ላይ በዝምታ ሲነበቡ አንዳንዶቹ ይሳሳሉ። በአንጻሩ አጫጭሮቹና ስለ ፍቅርና ስለ መተው የሚያወሩት ረጅም ዕድሜ አላቸው፤ ልጅነቱን በስም ሳይጠቅስ የሚጽፍባቸውም እነሱ ናቸው።

ሥራዎቹ ከወረቀት ወጥተው ግድግዳ ላይ መቀመጥ የጀመሩት በማንቸስተር ነው። በራሽሆልም አካባቢ በአንድ መጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ስለ ዝናብ የጻፈው ደግሞ በኦክስፎርድ ጎዳና ተጽፈዋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ለንደን ውስጥ በገንዘብ ተቋማት ሰፈር፣ ፌን ኮርት በተባለው ጠባብ አደባባይ ያለው ነው። ቀራጺው ማይክል ቪሶኪ የሸንኮራ አገዳ ግንዶችን የሚመስሉ የግራኒት ምሰሶዎችን ባንድ መድረክ ዙሪያ አቆመ፤ የለምን ሲሳይ ግጥም በድንጋዮቹ ላይ ተቀረጸ። መታሰቢያነቱ ብሪታንያ የባሪያ ንግድን በሕግ ያገደችበት 200ኛ ዓመት ነው። በመስከረም 2008 መርቀው የከፈቱት ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ነበሩ። ግጥሙ የአክሲዮን ገበያን ቋንቋ ከብሉይ ኪዳን ቃላት ጋር ያላትማል። ምሳውን ለመብላት ወደ አደባባዩ የሚወጣ የባንክ ሠራተኛ የሙያውን ቃላት በዚያ ድንጋይ ላይ ከቃየን ስም ጎን ያገኛቸዋል። ኢትዮጵያዊ ቅኔ አዋቂ ቢያየው ሰምና ወርቁን ለመለየት ብዙ አይቸገርም።

ፍለጋው

እናቱን ያገኘው በሃያ አንድ ዓመቱ፣ በጋምቢያ ነው። እሳቸው በዚያን ጊዜ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ይሠሩ ነበር። አንድ ሰው ከእናቱ ጋር በአዋቂነቱ ሲተዋወቅ ደስታው ብቻውን አይመጣም። እናት ልጁን ሲያዩ የሚያስታውሱት ዘመን አለ፤ ልጅ ደግሞ በአእምሮው የሳላት እናት ነበረችው። ገጣሚው በኋላ በቃለ መጠይቆችና በመድረክ ሥራው ይህን ሳይሸፋፍን ተናግሮታል፤ ቤተሰብ ማግኘት የፍለጋው መጨረሻ ሳይሆን የሌላ ሥራ መጀመሪያ ነው።

በአባቱ በኩል የተገኘው መልስ ሞት ነበር። አባትየውን ሳያያቸው ሞተዋል። በኢትዮጵያና በልዩ ልዩ አገሮች የተበተኑ ወንድሞች፣ እህቶችና ዘመዶች ግን ተገኙ። ቢቢሲ በ1995 በዚህ ታሪክ ላይ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ከዚያ ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የሚተውነው ተውኔት መጣ፤ በእንግሊዝ ከተሞችና በሌሎች አገሮች ታይቷል፣ በሬዲዮም ተላልፏል። ስለ ዐድዋ ጦርነት የጻፈው ግጥምም ከዚሁ የመመለስ ሥራ የሚመደብ ነው፤ እንግሊዝ ትምህርት ቤት ውስጥ ያላስተማሩትን ታሪክ በራሱ ስንኝ አስገባው።

ስሙ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ኢትዮጵያዊ ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ይይዛል። ለምን ሲሳይ ግን የሚጠራው በእናቱ በኩል በመጣ ስም ነው። አባትየው በሌሉበት፣ ሕጉም ልማዱም ሌላ በሆነበት አገር፣ እናት በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ያስጻፉት ስም ልጁን ከአንድ ቤት ጋር ያስተሳሰረ ብቸኛ ገመድ ሆኖ ቀረ። የትዝታ መጽሐፉን ርዕስ በቀጥታ ወደ አማርኛ ብንመልሰው ስሜ ለምን ነው የሚል ይሆናል፤ እንግሊዛዊው አንባቢ ማብራሪያ የሚሻበትን ይህን ርዕስ ኢትዮጵያዊው በሽፋኑ ላይ ብቻ ይረዳዋል።

ሌሎች መንገዶች

በአማርኛ ሥነ ግጥም ስለ ልጅነትና ስለ ራቀ አገር የጻፉ አልጠፉም። ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. ያሳተመው መድበል ርዕሱ ራሱ «ልጅነት» ነው። በወለጋ ጩታ የተወለደው ሰሎሞን በለጋነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የተማረ፣ በኋላም አብዛኛውን ዘመኑን በአሜሪካ ሚኒሶታ የኖረና በ2017 እዚያው ያረፈ ገጣሚ ነው። መድበሉ ሲወጣ ቤት መምታትንና የተለመደውን ምጣኔ ስለጣሰ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት ነበር። ሁለተኛው መድበል «ዘበት እልፊቱ» በ1991 ዓ.ም. እስኪታተም ድረስ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ አልፏል። ሰዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ በሐረር ተወልዶ፣ በጀርመን ኮሎኝ ሥዕል ተምሮ፣ በስደት ላይ እያለ በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ ሞተ። «ሀገሬ» የተሰኘው ግጥሙ በአማርኛ ስለ አገር ናፍቆት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀስ ነው። ግጥሞቹ በመጽሐፍ የታተሙት ከሞተ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ ነው።

ሁለቱም የሚጽፉት ስላላቸው ነገር ነው። ሰሎሞን የሚያፈርሰውና የሚገነባው ልጅነት ነበረው፤ ገብረ ክርስቶስ የሚያስታውሳት አገር ነበረችው፤ ሁለቱም የሚያስቡበት ቋንቋ ነበራቸው። የለምን ሲሳይን ጉዳይ በቅርብ የሚመስለው ከሌላው የዓለም ጫፍ የመጣ ገጣሚ ነው።

አሊስተር ካምቤል በ1925 በኩክ ደሴቶች፣ ራሮቶንጋ ላይ ተወለደ። እናቱ የቶንጋሬቫ ደሴት ፖሊኔዥያዊት፣ አባቱ ከኒውዚላንድ የሄዱ ነጋዴ ነበሩ። በ1932 እናቱ፣ በዓመቱ አባቱ ሞቱ። ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ከወንድምና እህቶቹ ጋር ወደ ኒውዚላንድ ደቡባዊ ከተማ ደነዲን ተላከና ብዙም ሳይቆይ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገባ። የዓለም ኢኮኖሚ የተሽመደመደበት ዘመን ነበር። ካምቤል በእንግሊዝኛ አጥንቶ በ1950 ባሳተመው የመጀመሪያ መድበሉ ዝና አገኘ፤ ግን በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ደሴቱ የሚናገር ነገር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ግጥሞቹ በአውሮፓ ግጥም ወግ የተሠሩ ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስለ ማኦሪ አለቆች ጻፈ፤ እነሱ ዘመዶች እንጂ የራሱ ሰዎች አልነበሩም። ወደ ቶንጋሬቫ የተመለሰው በ1976፣ ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ የእናቱን ወገኖች አገኘ። በ1980 የወጣው መድበሉ የሞቱትን የእናቱን ዘመዶችና የደሴቷን አማልክት ያናግራል፤ በ1984 ደግሞ የትዝታ መጽሐፉ ታተመ። በቀደሙት መጻሕፍቱ ላይ አሊስተር ካምቤል ብቻ የነበረው ስምም በኋለኞቹ አሊስተር ቴ አሪኪ ካምቤል ሆነ። በ2009 እስኪሞት ድረስ ስለ ደሴቶቹ መጻፉን አልተወም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቅደም ተከተል ነው። ካምቤል ገጣሚ ከሆነ በኋላ ዘሩን አገኘና ግጥሙ ተለወጠ፤ እናቱን የሚያስታውስበት ጥቂት ዓመትም ነበረው። ለምን ሲሳይ አንድም የእናት ትዝታ ሳይኖረው ግጥሙን ጀመረ። ለካምቤል ደሴቷ ግጥሙን ከፈተችለት፤ ለለምን ግጥሙ ወደ ቤተሰቡ የሚሄድበት መንገድ ሆነ። ከአዲሱ ትውልድ ከሳሞአና ከቱቫሉ የሚወለዱት ሴሊና ቱሲታላ ማርሽ ከ2017 እስከ 2019 የኒውዚላንድ ብሔራዊ ባለቅኔ ሆነው ሲሠሩ፣ ካምቤል ሃምሳ ዓመት ፈጅቶ የደረሰበት ነገር ለሳቸው መነሻ ነበር።

ፋይሉ መድረክ ላይ

ለምን ሲሳይ ከሥርዓቱ እንደወጣ ስለ ልጅነቱ የተያዘው መዝገብ እንዲሰጠው ጠየቀ። አልተገኘም ተባለ። መጠየቁን ግን አላቆመም። መዝገቡ እጁ የገባው በ2015፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ከጠየቀ በኋላ ነው። ውስጡ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ሪፖርት፣ የስብሰባ ማስታወሻ፣ ከማሳደጊያ ወደ ማሳደጊያ ያዘዋወሩት ሹማምንት ደብዳቤ ነበረበት። ቤተሰብ ሊያስታውስለት የሚገባው ነገር በጽሕፈት መኪና ተጽፎ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ተፈርሞበት ተቀምጧል።

ከዚያ ካሳ ለመጠየቅ ክስ አቀረበ። ለክሱ በልጅነቱ የደረሰበት በአእምሮው ላይ ያስከተለውን ጉዳት የሥነ ልቦና ባለሙያ መርምረው ሪፖርት አዘጋጁ። ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ለንደን በሚገኘው ሮያል ኮርት ቴአትር ይህ ሪፖርት በአደባባይ ተነበበ። አንባቢዋ ተዋናይት ጁሊ ሄዝመንድሃልግ ነበረች። ለምን ሲሳይ ሪፖርቱን አስቀድሞ አላየውም፤ ስለራሱ የተጻፈውን ከተመልካቾች ጋር እኩል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መድረኩ ላይ ሆኖ ሰማ። ደራሲ የሌለው ተውኔት ነበር ማለት ይቻላል፤ ቃሉ የሐኪም ቃል፣ ዋናው ገጸ ባሕርይም በሕይወት ያለ ሰው። የግል ሰነድን እንዲህ ማውጣት ራስን ማጋለጥ ነው ብለው ያሰቡ ይኖራሉ። ነገር ግን ሰነዱ ለሠላሳ ዓመት በሌሎች እጅ ተደብቆ እንደኖረ ሲታሰብ ይህ አደባባይ ማውጣት ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ምስክር ያጣ ሰው ምስክር ጠራ። የዊጋን አስተዳደር በ2018 ይቅርታ ጠይቆ ካሳ ከፈለ።

በ2019 የወጣው የትዝታ መጽሐፍ የዚህ ሁሉ መደምደሚያ ነው፤ በገጣሚው ሥራዎች ውስጥም ጠንካራው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሠራሩ ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ ምዕራፍ በአራት መስመር ግጥም ይከፈታል፤ ከዚያ የመዝገቡ ወረቀት እንዳለ ይቀርባል፤ ከሥሩ የገጣሚው ትረካ ይከተላል። በሪፖርቱ ላይ «ችግር ፈጣሪ» የሆነው ልጅ በትረካው ላይ የፈራ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ደራሲው ብዙ ጊዜ አይከራከርም፤ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ዳኝነቱን ለአንባቢ ይተወዋል። አራቱ መስመሮች በበኩላቸው የትኛውም ጽሑፍ ያልያዘውን ይይዛሉ። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ያሉ አጫጭር ግጥሞችን የመጻፍ ልማድ ለዓመታት ነበረው፤ የተመረጡት በ2023 ለብቻቸው ታትመዋል። ለብቻቸው ሲቆሙ ግን አንዳንዶቹ ወደ መፈክርነት ያዘነብላሉ። ከሰነዱ አጠገብ ሲሆኑ ነው ክብደት የሚያገኙት።

ክብሩም መጥቷል። በ2012 ከለንደን ኦሊምፒክ ባለቅኔዎች አንዱ ሆኖ በ1888 አድማ ስለመቱ የክብሪት ፋብሪካ ሴቶች ጻፈ፤ የፋብሪካው ቦታ ከኦሊምፒኩ ሰፈር አጠገብ ነበርና። ከ2015 እስከ 2022 የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር፤ በምርጫው ካሸነፋቸው አንዱ እውቁ ፖለቲከኛ ፒተር ማንደልሰን ናቸው። በ2019 የፔን ፒንተር ሽልማትን ተቀበለ። ከሽልማቶቹ ይልቅ ስለ ሰውየው የሚናገረው በ2013 በማንቸስተር የተጀመረው የገና ምሳ ነው። በማሳደጊያ ያደጉ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች በገና ዕለት የሚሄዱበት ቤት የላቸውም፤ እሱና ጓደኞቹ ምሳ ያዘጋጁላቸዋል። በኋላ ሥራው ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ።

ከአዲስ አበባ ሲታይ

የለምን ሲሳይ ታሪክ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ይቀር ነበር። ነገር ግን ከ1999 ወዲህ ባሉት ዓመታት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። ቁጥሩ በናረበት በ2010 በአንድ ዓመት ወደ 2500 ገደማ ደርሶ ነበር። ወደ ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ዴንማርክና ሌሎች አገሮች የሄዱም አሉ። ስለ ልጆች አያያዝ የሚሰሙ ክፉ ዜናዎችና በሐሰት የተሞሉ ሰነዶች ጥርጣሬ እያጫሩ ሄዱ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ።

ቀድመው የሄዱት ዛሬ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ደርሰዋል። በየአገሩ ያሉ የኢትዮጵያ ጉዲፈቻ ልጆች ግጥምና ትረካ በአንድ መጽሐፍ ተሰባስቦ ታትሟል፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ከአገር ርቀው የሚያገሱ አንበሶች የሚል ነው። ብዙዎቹ ይመለሳሉም። ቦሌ አርፈው ቤተሰብ ፍለጋ ወደ ወላይታ፣ ወደ ከምባታ፣ ወደ ወሎ ይሄዳሉ።

ቦታው ግን እንደ ጥንቱ አይጠብቃቸውም። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ አያት የተባለውን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ የሆነው ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በፊት በአብዛኛው የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ የሪል ስቴት ቪላና የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ሞልተውበታል፤ ከጦር ኃይሎች የሚመጣው፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር መጨረሻም እዚያ ነው። ብዙ ቤቶቹን የገዙት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ክረምት ላይ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። እነዚያ ልጆች አያታቸው ዘር ሲቆጥሩላቸው ይሰማሉ፣ ባይገባቸውም። የጉዲፈቻው ልጅ ግን እዚያው ሰፈር ቆሞ የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ መሬቱም ስለ እሱ የሚናገረው ነገር የለም። ለእሱ ያለው ማስረጃ እንደ ለምን ሲሳይ የወረቀት ማስረጃ ነው፦ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የማሳደጊያ ቅበላ ቅጽ፣ የአስተዳደር ደብዳቤ፣ አልፎ አልፎም የእናት ወይም የአጎት ጣት የታተመበት ስምምነት።

የውጭ ጉዲፈቻን ያጸድቅ የነበረው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የቀረው ወረቀት በማሳደጊያዎች፣ በተዘጉ የጉዲፈቻ ድርጅቶች የቀድሞ ሠራተኞች ቤትና በቀበሌ መዝገብ ቤቶች ተበታትኗል። ይህን የመሰለ ፋይል ያለው ሁሉ፣ ድርጅትም ሆነ ግለሰብ፣ አይጣለው፣ አያቃጥለው፤ ባለቤቱ መጥቶ ሲጠይቅም ሠላሳ ዓመት አያስጠብቀው።